የአልጌ ሞራ፦ የዳቦ ቆሎ ማሸጊያ እቤት ውስጥ እንዴት እንደምሠራ

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ባክቴሪያ የሚዘራባቸውን ክብ ሳህኖች አዘጋጃለሁ። ሳህኑ ውስጥ የሚፈሰው ነገር አጋር ይባላል። አዲስ የሚመጣ ተለማማጅ ሁሉ «የማን አጋር?» ብሎ ይቀልዳል። እኔም ሁሌ እንደ አዲስ እስቃለሁ።

አጋር የባሕር ነገር ነው። ጌሊዲየምና ግራሲላሪያ የሚባሉ ቀያይ አልጌዎች፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ሣር መሳይ ነገሮች፣ ይቀቀላሉ፣ ይጣራሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይፈጫሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ነጭ ዱቄት ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በበዓል ሰሞን፣ ምንም ያልተዘራባቸው ሦስት ሳህኖች መደርደሪያ ጥግ ረስቼ ወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ሳገኛቸው ያ ወፍራም ጄሊ የለም። ሳህኑ ግርጌ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሬ ላጥኩት። ጎተትኩት። አልቀደድም አለኝ።

እማዬ ዳቦ ቆሎ ትሠራለች። ለሰፈር ሰው ትሸጣለች፣ ውጭ ለሚሄድ ዘመድም ታሲዛለች። ድሮ በትንንሽ ፌስታል ቋጥራ ነበር የምትሰጠው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ «አሁን በምን ልቋጥረው?» አለችኝ። ያ ሳህን ትዝ አለኝ። የምግብ አጋር ገዝቼ እቤት ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ቅጠል በመስኮት ብርሃን አገላብጣ አየችውና «ሞራ ነው እኮ የሚመስለው። አንቺ ልጅ፣ ሞራ ገላጭ ልትሆኚ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሞራ ሆኖ ቀረ። እኔም እዚህ ሞራ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ፣ ምን ልታስገቡበት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፌስታል የሚተካለት ነገር ይፈልጋል። ሞራ ፌስታልን አይተካም። ቲማቲም ተሸክሞ ከገበያ አይመጣም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይልሞሰሞሳል። የፈላ ውሃ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ይሟሟል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን የማይታየው ውሃ ነው፤ የአየሩ እርጥበት። ሞራ እርጥበት ያስገባል። ይህን ያህል ግልጽ ድክመት አለው።

በሌላ በኩል ዘይት አያሳልፍም። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ኦክስጅንንም በደንብ ያግዳል። ዳቦ ቆሎ ደረቅም ነው፣ ቅባትም አለው፤ ቅባቱን የሚያበላሸው ደግሞ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ዳቦ ቆሎና ሞራ ተገናኙ። ግን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ለሚበላ ብቻ። ከዚያ በላይ ከቆየ ቆሎው ይለሰልሳል፣ መኮርሸሙ ይቀራል።

ቆሎ፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ የደረቀ ጦስኝ ይሆናሉ። በርበሬ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ሞራውን ያቀላዋል። እንጀራ በፍጹም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በማግሥቱ የትኛው እንጀራ የትኛው ሞራ እንደሆነ መለየት አቃተን።

ዕቃው

ለአንድ ቅጠል የሚያስፈልገው 5 ግራም አጋር፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃና 2 ግራም ግሊሰሪን ነው። በቃ።

አጋሩን የእስያ ምግብ የሚሸጡ ሱቆች ወይም የኬክ ዕቃ የሚሸጥባቸው ቤቶች ጠይቁ። ማሸጊያው ላይ «አጋር አጋር» ተብሎ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ላቦራቶሪ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ከእሱ አትለምኑ። የላቦራቶሪ አጋር ብዙውን ጊዜ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን የሥጋ ፈሳሽና ፔፕቶን ተቀላቅሎበታል። ሞራ ልትሠሩ ብላችሁ የሻጋታ ግብዣ ትደግሳላችሁ። ንጹሑም ቢሆን ለምግብ ተብሎ የተመረተ አይደለም።

የሚገርመው፣ አጋር ራሱ ወደ ላቦራቶሪ የገባው ከማድቤት ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ዋልተር ሄሰ የሚባል ሐኪም የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮኽ ጋ ይሠራ ነበር። ባክቴሪያ የሚያበቅልበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ አስቸገረው። ሚስቱ ፋኒ ሄሰ «ለምን በአጋር አትሞክረውም?» አለችው። እሷ ጣፋጭ ጄሊ ስትሠራ ነበር የምታውቀው፤ ከጃቫ ደሴት ከመጣች ጎረቤት ተምራ። የዓለም ላቦራቶሪ ሁሉ እስከ ዛሬ በሷ ምክር ይሠራል። እኔ እንግዲህ ወደ ማድቤቱ መለስኩት።

ግሊሰሪኑን ከፋርማሲ ግዙ። ጽጌረዳ የሚሸት፣ ለቆዳና ለፀጉር ተብሎ ሽቶ የተጨመረበትን ተዉት፤ ንጹሑን ጠይቁ። ሚዛን ከሌላችሁ 2 ግራም ማለት የሻይ ማንኪያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ለአጋሩ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ወርቅ ቤት የሚያዩትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ብትገዙ አትቆጩም።

ግሊሰሪኑ ለምንድን ነው? አጋር ብቻውን ሲደርቅ ሲያጥፉት ቀሽ ብሎ ይሰበራል። ግሊሰሪን በመሐል ገብቶ ያለሰልሰዋል። 1 ግራም ብቻ ካደረጋችሁ ደረቅ ወረቀት ይመስላል፤ እንደ መጠቅለያ ያገለግላል፣ አይታጠፍም። 4 ግራም ካደረጋችሁ እንደ ስስ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ግን ክረምት ላይ ያልበዋል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። 2 ግራም ላይ የደረስኩት ብዙ አጋር ካባከንኩ በኋላ ነው።

አበሳሰሉ

አጋሩን ፈጽሞ በፈላ ውሃ ላይ አታፍስሱ። ሽሮ በፈላ ውሃ ላይ አንዴ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይጓጉላል። አጋርም እንደዚያው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ እየነሰነሳችሁ አማስሉት። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይራስ። ከዚያ በመካከለኛ እሳት ጣዱት።

አጋር በደንብ የሚሟሟው ከ85 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች «አንዴ ፈላ ሲል አውርዱ» ይላሉ፤ እነሱ የሚሠሩት ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው ነው። እኛ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰን አምስት፣ ስድስት ደቂቃ እያማሰልን እናቆየዋለን። ድሬዳዋ ያላችሁ ትፈጥናላችሁ። የበሰለ መሆኑን ማንኪያ አስገብታችሁ እዩ። ማንኪያው ጀርባ ላይ እንደ አሸዋ የሚታይ ነጥብ ካለ አልበሰለም።

አንድ የላቦራቶሪ ልማድ ልንገራችሁ። ድስቱን ከነፈሳሹ ከመጣዳችሁ በፊት መዝኑት፤ ካወረዳችሁት በኋላም መዝኑት። የጎደለው ተንኖ የሄደ ውሃ ነው። ያንኑ ያህል ትኩስ ውሃ መልሱበት። አለበለዚያ ዛሬ የሠራችሁትና የነገው በፍጹም አይመሳሰሉም።

ግሊሰሪኑን የምትጨምሩት አጋሩ ከጠራ በኋላ ነው። ሎሚም ሆምጣጤም አትጨምሩ። ሻጋታ ይከላከላል ብዬ አንዴ ሆምጣጤ ጨምሬ ነበር። አሲድና ሙቀት ሲገናኙ አጋሩን ይሰብሩታል። ያን ቀን ያገኘሁት ሞራ ገና ሳነሳው ነው የተበጣጠሰው። አሁን ውሃውን አስቀድሜ በሁለት ፍሬ ቅርንፉድ አፈላዋለሁ። ትንሽ ቡና ዓይነት ቀለም ይሰጠዋል፤ ሽታው ግን ለዳቦ ቆሎ ይስማማል። ሻጋታውም ቀንሶልኛል።

ካወረዳችሁት በኋላ አረፋው ወደ ላይ እስኪወጣ ጠብቁ። አረፋውን በማንኪያ ግፈፉ፣ ፈሳሹን በሻይ ማጥለያ አሳልፉ። አንዲት የአየር ነጥብ ስትደርቅ ቀዳዳ ትሆናለች። ብዙ ግን አትዘግዩ። ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል። ከረጋባችሁም አትደንግጡ፤ መልሳችሁ አፍሉት። አጋር ሲረጋ በ40፣ ሲቀልጥ በ85 ነው። ጸባዩ እንዲህ ነው።

አፈሳሰሱ

25 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ትሪ ያዙ። 250 ሚሊ ሊትሩ እዚያ ላይ ሲፈስ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሲደርቅ ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ይከለክል ነበር። ሞራችን የዚያ እጥፍ ነው ማለት ነው፤ በጣቶቻችሁ ስትይዙት ይታወቃችኋል።

ትሪው ውሃ ልኩን የጠበቀ ቦታ ላይ መሆን አለበት። የኛ ቤት ወለል ወደ በሩ ያዘነብላል። ከትሪው ሥር ወረቀት እያጠፍኩ አስገባለሁ። አለበለዚያ በአንድ በኩል ካርቶን፣ በሌላ በኩል የሸረሪት ድር ይሆናል።

አንድ ቀን ትሪ አጥቼ እማዬ ለእንግዳ የምታወጣውን፣ አበባ የተቀረጸበትን ትሪ ወሰድኩ። ተቆጣች። ሞራው ሲደርቅ ግን አበባው አንድ በአንድ ታትሞበት ወጣ። አሁን ትሪውን ራሷ ናት የምታቀብለኝ።

ማድረቁ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሥራው ከዚህ በኋላ ነው። ማብሰል የሚችል ሰው ሁሉ ሞራ አይወጣለትም፤ ማድረቅ የሚችል ነው የሚወጣለት።

ሲደርቅ ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ሆኖ ይሄዳል። በዚያ መሐል ይሸበሸባል። ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። መሐሉ ገና እርጥብ ነው። ሁለቱ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ፣ በኋላ ፈጠን ማለት ነው ዘዴው።

የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ይዋል። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ላዩ ብቻ ቆዳ ያበጅና ውስጡ ይታፈናል። አቧራ እንዳይገባበት ነጠላ ጣል አድርጉበት፤ እንዳይነካው ግን በአራት ብርጭቆ ደግፉት። በማግሥቱ ጠርዙ ሲለቅ ታዩታላችሁ። በጣት ስትነኩት አይጣበቅም፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ አለው። ይህ ላቦራቶሪ ውስጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ልብስ ከገመድ ላይ ስናወርድ ጉንጫችን ላይ የምናደርገው ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ከትሪው በጥንቃቄ አንሱትና ትልቅ ወንፊት ላይ አሳርፉት። ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። አየር ከላይም ከታችም ሲያገኘው አይጠቀለልም። ቬንትሌተር ካላችሁ ከሩቅ ክፈቱበት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በሁለት ቀን ያልቃል። ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ፈጅቶብኝ፣ በአራተኛው ቀን ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ጣልኩት። ሻጋታ የነካውን ጠርጌ ልጠቀም አትበሉ።

ቸኩሎ ምጣድ ዳር ማስቀመጥ ያማልላል። አድርጌዋለሁ። ግማሹ ቀለጠ፣ ግማሹ ምጣዱ ላይ ተጋገረ። እማዬ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

አዘጋግ

ከአንዱ ቅጠል ዳር ዳሩ ተስተካክሎ አራት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 12 በ19 ሳንቲ ሜትር። አንዱ ለሁለት ሲታጠፍ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ይይዛል። ሙጫው ራሱ አጋር ነው፦ 1 ግራሙን በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉና ትኩሱን በብሩሽ ጠርዙ ላይ ቀቡ። ሙጫው ስስ ይሁን፤ ከበዛ ሞራውን ያርሰውና ያሸበሽበዋል። ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ። አፉን በቃጫ እሰሩት። ለስጦታ ሲሆን በቃጫ የታሰረው ያምራል።

ከአጋር ሌላስ?

ውሃ የሚችል ነገር የሚፈልግ ሰው ወደ አልጂኔት መሄድ አለበት። እሱ ከቡናማ አልጌ ነው የሚወጣው። ሶዲየም አልጂኔት በውሃ ይሟሟል፤ ካልሲየም ሲያገኝ ግን ወዲያው ይረጋል፣ ከዚያ በሙቅ ውሃም አይቀልጥም። 2 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በማደባለቂያ መትታችሁ አረፋው እስኪወጣ አንድ ሌሊት ታሳድራላችሁ፤ ካፈሰሳችሁት በኋላ ለምግብ የሚሆን የካልሲየም ላክቴት ውሃ ትረጩበታላችሁ።

በዚህ መንገድ ነው ኖትፕላ የሚባለው የለንደን ድርጅት «ኡሆ» የሚላትን የውሃ እንክብል የሠራው። መሥራቾቹ ሮድሪጎ ጋርሲያ ጎንዛሌዝና ፒየር ፓሊየ ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የለንደን ማራቶን፣ የኛው ሞስነት ገረመው ሁለተኛ በወጣበት ውድድር ላይ፣ ከ30,000 በላይ እንክብሎች ለሯጮች ታድለዋል። አፍ ውስጥ ትፈርጣለች፤ ልጣጯ ይበላል ወይም ይጣላል። ሞስነት መቼም የራሱ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስለሚጠብቀው የቀመሳት አይመስለኝም። ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ኧርዝሾት የሚባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ወስዷል።

አንድ ወዳጄ «አልጂኔት የጥርስ ሐኪም ጋ ሞልቷል» ብሎኝ ደስ አለኝ። የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት ያ ዱቄት እውነትም አልጂኔት አለው። ግን ካልሲየሙ አብሮ ተቀላቅሎበታል፣ ሌላ መሙያ ዱቄትም አለበት። ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ድርቅ ይላል። ሳህኔ ላይ የቀረው ነገር ማሸጊያ ሳይሆን የማንኪያዬ ቅርጽ ነበር።

ሌላው ሁሌ የሚነሳው ጥያቄ «የራሳችን ሐይቆች አልጌ ሞልቶባቸው የለም ወይ?» የሚለው ነው። አሉ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ስፒሩሊና በሚባለው ደቃቅ አልጌ የታወቁ ናቸው። ቻድ ውስጥ የካነምቡ ሴቶች ያንኑ ከሐይቅ እየቀዱ፣ አሸዋ ላይ እያደረቁ «ዲሄ» ብለው ይበሉታል። ግን ስፒሩሊና ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። እንደ አጋር አይረጋም። ሞራ ውስጥ በትንሹ ብትጨምሩት ቀለም ይሰጣል፣ ከዚያ አያልፍም። ከሐይቅ እየቀዱ መሞከር ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ቆቃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ማይክሮሲስቲስ ነው፤ መርዝ ያመነጫል። በዓይን አይታችሁ አትለዩትም።

ለኛ ቀረብ ካሉት ቦታዎች ዛንዚባር ላይ የባሕር አልጌ ይለማል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶች በብዛት ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ በገመድ እያሰሩ ያበቅሉታል። እሱ ግን አጋር ሳይሆን ካራጊናን የሚባለውን ሌላ የሚረጋ ነገር ነው የሚሰጠው። እሱም ሞራ ይወጣዋል፤ እጄ ስላልገባ ገና አልሞከርኩትም።

ከመሸጣችሁ በፊት

ወጪውን አልደብቃችሁም። አንድ ሞራ ከአንድ ፌስታል ብዙ እጥፍ ይወደዳል። እማዬም የምትጠቀምበት ለስጦታና ለልዩ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ለዕለቱ ገበያ የወረቀት ከረጢት ይዛለች። ለሕዝብ መሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ምግብን የሚነካ ማሸጊያ ስለሆነ አስቀድማችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። ለጎረቤት መስጠትና ሱቅ መደርደር አንድ አይደለም።

ይበሰብሳል ወይ? አንዱን ቁራጭ ጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ ቀብሬው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አብጦ፣ ተቀዳዶ አገኘሁት። በሦስተኛው ወር ስፈልገው ሥር ብቻ ነበር። አጋር ለብዙ ባክቴሪያ አይበላም፤ ላቦራቶሪ የምንጠቀምበትም ለዚሁ ነው። አፈር ውስጥ ግን የሚበሉት አሉ። ቁርጥራጩን ግን አትቅበሩት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ መልሳችሁ አፍሉት፣ ለቀጣዩ ሙጫ ይሆናል።

ከቁርጥራጩ አንዲት ጣት ስፋት ያላት ገመድ አስቀሩና መስኮት ላይ አንጠልጥሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ተልፈስፍሳ ትወርዳለች፤ ያን ቀን አጋር አታባክኑ። ደረቅ ሲሆን ትጠቀለላለች፣ ስትነካ ትንኮሻኮሻለች። የኔዋ ሳምንቱን ሙሉ እንደ እርጥብ ክር ተንጠልጥላ ከረመች። ዛሬ ጠዋት ስነካት ተንኮሻኮሸች። ድስቱን ጥጃለሁ።